ከሞተሩ ጀርባ ያጠፋኋት ሴት

ሰውን ከፎቶ ውስጥ ማውጣት እችላለሁ። ዛሬ ማንም በስልኩ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ የሚያኮራ ሙያ አይደለም። ያኔ ግን ካርቱም ውስጥ ይህን የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እኔም እችል ነበርና አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። ኩራቴን አስቀድሜ የማነሳው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። የሠራሁትን በትክክል ለመናገር ስነሳ መጀመሪያ የማገኘው እሱን ስለሆነ ነው።

አባቴ በፖለቲካ የተነሳ አገር ጥሎ ሲሰደድ እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ፤ ያደግኩት ካርቱም ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ትምህርቴን ስጨርስ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ አጠገብ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበሩ፤ በአገሩ ወግ «ያ ዐም»፣ አጎቴ፣ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። የእኔ ሥራ ማሳመር ነበር። በቀጭን ብሩሽና በእርሳስ የብጉር ጠባሳ እሸፍናለሁ፣ የሳሳ ቅንድብ አወፍራለሁ፣ የሞተ አባትን ከልጆቹ ጋር አንድ ወረቀት ላይ አቆማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ብሩሹን ለማሳረፍ ስፈራ ያ ዐም ይስቁብኝና «ምን ያስፈራሃል? ወረቀቱን እንደፈለግህ አድርገው፤ ነጋቲቩ ፖስታው ውስጥ ነው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱ ላይ አፍንጫ ባጣምም፣ ቀለም ብደፋ፣ ነጋቲቩን አውጥቼ እንደገና አጥባለሁ። ሰባት ስምንት ዓመት እንዲህ ስሠራ እጄ አንድ ልማድ ያዘ፤ ያበላሸሁት ነገር ሁሉ ዋናው ሌላ ቦታ ተቀምጦልኛል ብሎ ማመን።

ከዚያ ዲጂታል ካሜራ መጣ። የያ ዐም ወንድም ከዐረብ አገር አንዱን ከኮምፒዩተር ጋር ላኩላቸው። ሽማግሌው ካሜራውን እንደ ጊንጥ በሩቁ ካዩት በኋላ «ያላ፣ በል እንግዲህ፣ አንተ ወጣት ነህ፤ ከእሱ ጋር ተግባባ» ብለው ለእኔ ተዉት። ፎቶው የሚቀመጥባት ካርዷ ሠላሳ ፎቶ ያህል ብቻ ነበር የምትይዘው። ሁለተኛ ካርድ አልነበረንም። ፎቶዎቹን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮምፒዩተሩ እገለብጥና ካርዷን ሌላ ሥራ እስኪመጣ ድረስ ሳላጸዳት አቆያታለሁ።

ዓርብ ዓርብ ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር አልፎ ባለ ገላጣ ሜዳ ላይ የሞተር እሽቅድድም ነበር። ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። ከወንዙ ማዶ፣ ከአል-ማንሺያና ከመሰሎቹ ሰፈሮች፣ የሀብታም ልጆች ትልልቅ ሞተራቸውን በመኪና አስጭነው ይመጣሉ። ከዚያው ከሐጅ ዩሱፍ ደግሞ ሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ነጂዎች የሪክሻቸውን ጣራ ነቅለው ይደርሳሉ፤ ሦስት ጎማ ላይ የሚያሳዩት ድፍረት ከሀብታሞቹ ይብስ ነበር። ፎቶ የሚያሠሩት ግን ሀብታሞቹ ናቸው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ካሜራዬን አንግቤ እዚያ ሜዳ ላይ አቧራ እበላለሁ።

የሞተር ፎቶ እንደ ሠርግ ፎቶ «ዝም በሉ፣ ፈገግ በሉ» አይባልም። ሞተሩን እየተከተልክ ስትዞር ካሜራው በእጅህ ይዘምማል፤ ካርቱም ደግሞ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ስለሆነች አድማሱ ትንሽ ከዘመመ ዕውር እንኳ ያየዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አድማሱን ማቃናት ነው። ከዚያ መከርከም ይመጣል፤ ሲከረከም ከሞተሩ ፊት ባዶ ቦታ መተው አለበት፣ አለበለዚያ ግድግዳ ሊገጭ የደረሰ ይመስላል። አቧራው ብርሃኑን ስለሚበላው ሁሉም ነገር የወተት ሻይ መልክ ይይዛል፤ ጥቁሩን ወደ ጥቁር፣ ነጩን ወደ ነጭ ስትመልሰው ፎቶው ፊቱን የታጠበ ያህል ይነቃል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የለም። እያበላሸሁ ነው የተማርኩት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ነው። ካሜራውን በጣም ፈጣን ላይ ካደረግከው የነጂው ፊት ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ግን የጎማው ሽቦ አንድ በአንድ ስለሚቆጠር ሞተሩ የቆመ ይመስላል። ያን ያህል ነዳጅ አቃጥሎ፣ ያን ያህል ነፍሱን ሸጦ የቆመ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ሆኖ መውጣት የሚፈልግ የለም። መላው ነጂውን እንዳለ ትቶ ጎማውን እንዲሽከረከር፣ የኋላውን አገር ደግሞ ወደ ጎን እንዲሸሽ በኮምፒዩተሩ ማደብዘዝ ነው። እዚህ ላይ ደርሼ ነበር በሙያዬ መስከር የጀመርኩት።

እሷን ያገኘኋት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ከአል-ማንሺያ ከሚመጡት ልጆች የአንደኛው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ልጁ ሲወዳደር ታናናሾቹ ሊያዩት ይመጣሉ፣ እሷም እነሱን ልትጠብቅና የውሃውን ዕቃ ልትይዝ አብራ ትመጣለች። ያን ዕለት ደማቅ ቢጫ የሱዳን ቶብ ተከናንባ ነበር። እሽቅድድሙ ሳይጀመር ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?»

«ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። አንዲት ሱራ አንሳኝ እስቲ።»

አነጋገሯ የወሎ ነው፣ ቃሏ ግማሹ ዐረብኛ። ፎቶውን «ሱራ» የምትለው እንደ አገሩ ሰው ነበር። ሱቅ ዐረቢ ፎቶ ቤት እንዳለን ነግሬያት እዚያ ብትመጣ ጥሩ ወንበርና መጋረጃ እንዳለ አስረዳኋት።

«ሱቅ ዐረቢማ ከሻ አለ» አለችኝ። ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ነው። «ወረቀት የለኝም። ደግሞስ መጋረጃው ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው እነሱን ነው» ብላ ወደ ሞተሮቹ አመለከተች።

ነገሩን እዚያው ቆማ ነገረችኝ። ከአገሯ አብረዋት ከመጡት ሴቶች አንዷ ካርቱም ውስጥ በወባ ሞታ ነበር። ወሬው ተሳስቶ መርዶው ለእሷ እናት ተነገረ። እናቷ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰደቃዋ ወጣ፣ ቁርኣን ተቀራላት። እሷ ይህን የሰማችው ከወራት በኋላ ነው። መጻፍ ስለማትችል በሰው እጅ ደብዳቤ አስጽፋ ሁለት ጊዜ ላከች። እናቷ ግን አላመኑም፤ «ደብዳቤ ማንም ይጽፋል፤ ሊያጽናኑኝ ነው» አሉ። ስልክ እዚያ መንደር አልደረሰም።

«ስመጣ የተነሳሁት ጉርድ ፎቶ እናቴ ጋ አለ» አለች። «አሁንም ፊቴን ብቻ አንስቼ ብልክላት ያው የድሮው ነው ይሏታል። ከእነዚህ ሞተሮች ጋር፣ ከዚህ ሁሉ ሱዳን ጋር ካየችኝ ግን ማንም አሮጌ ነው አይላትም። ይሄንን ቶብ እንኳ ለዚሁ ብዬ ነው የለበስኩት። ዐይኗ ደክሟል፤ ቢጫው ይታያታል።»

ጎረቤት ቤት የምትሠራ የአገሯ ልጅ ወር ሳይሞላ ወደ አገር ልትገባ ነበርና ፎቶውን በእሷ እጅ ልትልክ አስባለች። እንግዲህ የተጠየቅኩት ይህንን ነው፤ አንዲት እናት ልጇ በሕይወት እንዳለች እንድታይ አንዲት ፎቶ።

እኔ ግን አንዲት ፎቶ ሰሰትኩ። ካርዷ የምትይዘው ሠላሳ ነው፣ ያ ዐም ደግሞ ያነሳሁትን እያንዳንዱን ያያሉ። «ገመዱ ጋ ቁሚ» አልኳት፤ ተመልካቹን ከመሮጫው የሚለየውን ገመድ ማለቴ ነው። «የቤታችሁ ልጅ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሁለታችሁንም አንድ ላይ አነሳችኋለሁ።» ደስ አላት። ሄዳ ከተመልካቹ ትንሽ ገለል ብላ፣ ገመዱን በአንድ እጇ ይዛ፣ ቶቧን አስተካክላ ቆመች። ሞተሮቹ እስኪነሱ ሩብ ሰዓት ያህል ከዚያ ቦታ አልተንቀሳቀሰችም።

ፊቷ እንዳይደበዝዝ ብዬ ካሜራውን በጣም ፈጣን ላይ አደረግኩት። ልጁ መታጠፊያው ላይ ሞተሩን አጋድሎ፣ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ ሲመጣ ተኮስኩ። በዚያ ካሜራ ካነሳኋቸው ሁሉ ያንን የሚያክል አልነበረም። ልጁ በጥርሱ ስቆ፣ አፈሩ ከጎማው ሥር እንደ ጤፍ ተበትኖ፣ ከጀርባው እሷ ቀጥ ብላ ካሜራውን እያየች። ዐይኗ እንኳ ይታይ ነበር። አውራ ጣቴን ሳሳያት እጇን አነሳችልኝ።

ሰኞ ዕለት ልጁ ፎቶ ቤት መጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ተጨዋችና ቸኳይ ነበር። ወንበር ስቦ ከጀርባዬ ተቀመጠ። ፎቶውን ስከፍትለት ጮኸ፤ ወዲያው ግን ፊቱን ቋጠረና በዐረብኛ «ግን ሞተሬ የቆመ ይመስላል» አለኝ። «ታያለህ» አልኩት። አድማሱን አቃናሁ፣ ከረከምኩ፣ አቧራውን ገፈፍኩ። ጎማዎቹን አሽከረከርኳቸው። ከዚያ የኋላውን አገር ሁሉ ወደ ጎን አደበዘዝኩት። ሰዉ፣ መኪናው፣ ገመዱ ሁሉ ወደ ኋላ የሚሸሽ ጭረት ሆነ። እሷም ፊት የሌላት ቢጫ ጭረት ሆነች።

እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም፤ ልጁ «ወላሂ፣ አንተ ጠንቋይ ነህ» ሲለኝ ልቤ አብጦ ነበር።

«ያ ቢጫ ነገር ምንድን ነው?» አለኝ ቀጥሎ። ጠጋ ብሎ አየና ሳቀ። «የእኛ ሸጋላ ናት! ሳሎን ልሰቅለው እኮ ነው፤ ከሞተሬ በፊት እሷ ነች የምትታየው። አውጣልኝ።» ሸጋላ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው።

እንደ ሙያ ከሆነ ልጁ ልክ ነበር። ዐይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደማቁ ነገር ነው፣ ደማቅ ነገር ደግሞ ከዋናው ሰው ጀርባ መቀመጥ የለበትም። ቶቡን የለበሰችውም ለዚያው ነበር፤ እንድትታይ። እኔ ግን ልምከርህ፣ ሌላ ፎቶ ምረጥ አላልኩትም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ማህተም የምንለውን መሣሪያ አነሳሁ። ከአንድ ቦታ አፈር ትቀዳና ሌላ ቦታ ታትመዋለህ። ከአጠገቧ አፈር እየቀዳሁ ከእግሯ ጀመርኩ። ወገቧ ጋ ስደርስ ገመዱን በልቼው ስለነበር ገመዱን ከወዲያ ቀድቼ ቀጠልኩት። ራሷን በሰማይ ሸፈንኩት። አስር ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ጭኑን መታ፣ እኔም «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ። እጄ የሚያውቀው ነጋቲቩ ፖስታው ውስጥ እንዳለ ነው።

ረቡዕ ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲወጣ ልጁ መጥቶ አየው፣ ዞር አድርጎ አየው፣ ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «ይሄ የማን ጥላ ነው? ጂኒ አለ እንዴ?» አለኝ።

ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ስለነበር ጥላዋ ከገመዱ ሥር ወጥቶ እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። ሴትየዋን አውጥቼ ጥላዋን ትቼ ነበር። ልጁ «ኸላስ፣ በቃ አስተካክለው» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ፎቶውን እንደገና ስከፍት ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የከፈትኩት እሷ የሌለችበትን ነው። ዋናውን ፈለግኩ። አንድ ስም፣ አንድ ፎቶ ብቻ አለ፤ በራሱ ላይ ደርቤ አስቀምጨዋለሁ። ፖስታም ነጋቲቭም የለም።

ደነገጥኩ። ወዲያው ግን «ካርዷ ላይ አለች» አልኩና ተረጋጋሁ። የመጀመሪያውን ስሠራ ነጋቲቩ አለ ብዬ ነበር እንበል። ጥላውን ሳጠፋ ግን የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለምን እዚያ እንደቆመች አውቃለሁ፣ እናቷ ለቅሶ ላይ እንዳሉም አውቃለሁ። ራሱን፣ ትከሻውን፣ ገመዱን የያዘውን እጅ ጥላ አንድ በአንድ በአፈር ሞላሁት። በጣም ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።

በሚቀጥለው ዓርብ ሜዳው ላይ ደርሼ ካሜራውን ስከፍት ካርዷ ሙሉ ነበረች። ፎቶ ቤት ሳለሁ ማስተካከል ነበረብኝ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔ መልቀሙንም አልቻልኩበት። ሞተሮቹ መስመር ላይ ቆመው ያጓራሉ። በዚያች ጥፍር በምታክል መስታወት ላይ ፎቶዎቹን ሳሳልፍ እሷ መጣች። ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከሞተሩ ጀርባ። እሷን አስቀርቼ የቀሩትን ልደምስስ ብል አንድ በአንድ ነው፤ ከሃያ ጊዜ በላይ መጫን አለብኝ። «ሁሉንም አጥፋ» የሚለው ግን አንዴ ነው።

ይህን ታሪክ ለራሴ ስነግረው ለዓመታት «ረስቼ ነው» እል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አልረሳሁም። «ኮምፒዩተሩ ላይ አለች» አልኩ። ኮምፒዩተሩ ላይ እንደሌለች በገዛ ዐይኔ ካየሁ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ረቡዕ ካርዷ ላይ አለች፣ ዓርብ ኮምፒዩተሩ ላይ አለች፤ ላም አለኝ በሰማይ። «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ተጫንኩና ካሜራውን ወደ ሞተሮቹ አዞርኩ።

እሽቅድድሙ ሲያልቅ እየሳቀች ሳይሆን ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። ልጆቹ መኪናው ውስጥ ገብተዋል።

«ወንድሜ፣ ሱራዬስ?»

ኮምፒዩተር ምን እንደሆነ፣ መደረብ ምን እንደሆነ ማስረዳት እችል ነበር። «አጠፋሁት፣ ይቅርታ» ማለትም እችል ነበር፤ ሁለት ቃል ናት። እኔ ግን ድሮ ፊልም በነበረበት ዘመን ፎቶ ቤት ሁሉ የሚለውን አልኳት።

«ፊልሙ ተቃጠለ።»

በዚያ ካሜራ ውስጥ ፊልም የሚባል ነገር የለም።

«ተቃጠለ?»

«ተቃጠለ፤ ብርሃን ገባበት።»

«ማዓሌሽ» አለችኝ። ምንም አይደለም ማለቷ ነው። ያን ጊዜ እኔን ያጽናናችኝ መስሎኝ ትንሽ ቀለል አለኝ። «እንግዲያው አሁን አንሳኝ» አለች።

ካርዷ ሞልታ ነበር። ከሞሉት ውስጥ የኋላ ጎማ ብቻ የወጣበት ለማንም የማይረባ አንድ ፎቶ ነበር፤ እሱን አጥፍቼ ማንሳት ነበረብኝ። ግን ፊልም ነው ያልኩ ሰው እንዴት ብዬ ከፊልም ውስጥ አንድ ፎቶ አጠፋለሁ? ውሸቴ እንዳይነቃብኝ ብዬ «አልቆብኛል፤ በሚቀጥለው ጁምዓ ኢንሻአላህ» አልኳት። ወደ አገር የምትገባዋ ሴት ልትሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። «ኢንሻአላህ» አለች እሷም፣ መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ ሮጣ ሄደች።

በሚቀጥለው ዓርብ ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ማንም አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ ልጁ በሳምንቱ መሀል ወድቆ የትከሻው አጥንት እንደተሰበረ ሰማሁ፤ የዚያ ቤት መኪና ሜዳው ላይ ዳግመኛ አልታየችም። ይህን ያህሉ የእኔ ጥፋት አይደለም። አል-ማንሺያ ግን በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበት ሰፈር ነው። ወረቀት አለኝ፣ ካሜራ አለኝ፣ ዘበኞቹ ግማሾቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። በሩ ላይ ቆሜ «እህቴን ጥራልኝ» ብል ማንም አይከለክለኝም። ሞተር ከፈለገች ከመንገድ ሪክሻ አስቁሜ አጠገቡ አቆማት ነበር። ሳልሄድ ቀረሁ። ነገ እያልኩ ሳምንቱ አለቀ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ፎቶውን የምትወስደው ሴት ከሄደች በኋላ ምን ያደርጋል አልኩ። የፈራሁት መንገዱን አልነበረም፤ ፊቷን ነው።

ሦስት ዓመት ገደማ አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ፎቶ ቤት ገባችና ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚሆን ጉርድ ፎቶ አለች። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ካሜራውን ፊቷ ላይ ሳስተካክል ነው ያወቅኳት፤ ቀጥ ብሎ የሚያይ ዐይኗን። እሷ ከበሩ ስትገባ ጀምሮ አውቃኛለች።

አነሳኋት። ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ከዐይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ልገፍፍ ስል «እንዳለሁ ተወኝ» አለችኝ። ተውኩት። አሁን ያ ቤት እንደማትሠራ፣ ሐጅ ዩሱፍ ቤት ተከራይታ ሻይ እንደምትሸጥ ነገረችኝ። ፎቶው እስኪታተም ወደ እሷ ዞርኩ።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?» አልኩ።

«እናቴማ ወደ አኼራ ሄደች። በዚያው ዓመት ክረምት።»

«አወቁ? በሕይወት እንዳለሽ?»

«አላወቀችም።» ድምጿ አልተለወጠም። «ያቺ የአገሬ ልጅ ገብታ በቃል ነገረቻት፤ በዐይኔ አይቻታለሁ ብላ ማለችላት። ሱራዋስ የት አለ አለቻት እናቴ። እኔን እየቀበረች ነው የሞተችው።»

«ፊልሙ አልተቃጠለም ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ሐሙስ ዕለት ሳሎን ሰቀሉት። አቧራውን በየቀኑ የምጠርገው እኔ አይደለሁ? የቆምኩበትን ቦታ አውቀዋለሁ፣ የያዝኩት ገመድ እንኳ አለ፤ እኔ ብቻ ነኝ የሌለሁት። ጁምዓ ተቃጠለ ስትለኝ አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽኝም?»

«አፍረህ ነበር» አለችኝ። «ፊትህን ሳየው አፍረሃል። ያፈረ ሰው ይክሳል ብዬ ዝም አልኩህ። ወር ሙሉ በሩ ሲንኳኳ አንተ ትሆናለህ እያልኩ ነበር የምከፍተው።»

ማሽኑ አራቱን ጉርድ ፎቶ ተፋቸው። ቆርጬ፣ ትንሿ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ሰጠኋት። ከዚያ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ካሜራውን አነሳሁና «ቆይ፣ እንደገና ላንሳሽ» አልኳት። «ጥሩ አድርጌ፣ ትልቅ አድርጌ። ከፈለግሽ ውጭ፣ ከሪክሻው ጋር።»

ፖስታዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ቶቧን አስተካከለች።

«ለማን?» አለችኝ።

የጉርዱን ፎቶ ሂሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወጣች።